የፍቅርአዲስ ፕሬዚዳንት

ፍቅርአዲስ ሰው ታጥባለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ራሷም እንዲሁ ነው የምትናገረው። ኤጀንሲው ባጅ አንጠልጥሎላታል፣ ባጁ ላይም ረጅም የሥራ ስም ተጽፏል፤ እሷ ግን "ምን ትሠሪያለሽ?" ላላት ሁሉ "ሽማግሌ አጥባለሁ" ትላለች፣ ደረቅ ብላ። እኔና እሷ ከሱዳን ወደ ቶሮንቶ የመጣነው በአንድ ሰሞን ነው። እኔ ኤግሊንተን ዌስት ላይ ፀጉር ቤት ከፈትኩ። እሷ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፈች፣ ልጆች አሳደገች፣ ባሏ ለሥራ ካልጋሪ ሄዶ በዚያው ቀረ፣ ከዚያ ይህን ሥራ ተምራ ገባችበት።

ጠርጣራ ናት። ባንክ ሲደውልላት ስልኩን ትዘጋና ራሷ መልሳ ትደውላለች። ቄሱ ከሌላው ቀን ረዘም አድርገው ሰላም ካሏት፣ ምን ፈልገው ይሆን ስትል ትውላለች። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ እንዲህ ያደረጋት ነገር አለ። ልጅ ሳለች የቴሌ ሠራተኛ የነበሩትን አባቷን የቀበሌ ሰዎች "ለጥያቄ ይፈለጋሉ" ብለው ወሰዷቸው። በር ያንኳኳው ጎረቤታቸው ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ጤና ይስጥልኝ ብሏቸው ያለፈ ሰው። አባቷ አልተመለሱም። አስከሬናቸውም አልተገኘም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ኤጀንሲው ዌስተን የሚባል ሰፈር ያለ አዲስ ክላየንት፣ እየሄደች የምትንከባከበው ሽማግሌ፣ ሰጣት። ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ አሮጌ የኪራይ ቢልዲንግ ነው። በሩን የከፈተችላት ሶላንዥ የምትባል፣ ለባብሳ ወደ ሥራ ልትወጣ የቸኮለች ሴት ነበረች። አባቷን ከማስተዋወቋ በፊት በእንግሊዝኛ ሕግ ነገረቻት።

"ፎቶ ማንሳት የለም። በር ሲንኳኳ አትከፍቺም። ስለ ድሮ ነገር አትጠይቂውም። ምግቡን ደግሞ ከእሱ በፊት አንቺ ትቀምሺዋለሽ።"

"ጨው እንዳይበዛ?"

"አይደለም" አለች ሶላንዥ።

ሽማግሌው ሙሴ ባርናቤ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሰው ናቸው። ከመስኮቱ ራቅ ብለው፣ የመግቢያውን በር ፊት ለፊት በሚያሳየው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ፍቅርአዲስ ኦትሚሉን፣ የአጃ ገንፎውን፣ ስታቀርብላቸው ማንኪያውን ወደ እሷ ይገፋሉ። ትጎርሳለች። እስክትውጥ አፏን ያያሉ፤ ከዋጠችም በኋላ ጥቂት ይጠብቃሉ። ምንም እንዳልሆነች ሲያዩ ይበላሉ።

"አሴ፣ እኔን ምን አደረገኝ? አይጥ?" ብላ ደወለችልኝ በመጀመሪያው ቀን። አሰፋሽ ነኝ፤ አሴ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እየሠራች በጆሮዋ ማዳመጫ ከእኔ ጋር ማውራት ልማዷ ነው፤ እኔም ፀጉር እየሠራሁ እሰማታለሁ። ሽማግሌው የሚችሉት ፈረንሳይኛና ትንሽ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ፊታቸው ቆማ እንደ ልቧ ትናገር ነበር።

ማንነታቸውን የነገራት ማኑ ነው። ማኑ የቢልዲንጉ የጥገና ሠራተኛ፣ የሽማግሌው የሀገር ልጅ ነው። ሊፍት ውስጥ አገኛትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፕሬዚዳንት እንደምታጥቢ ታውቂያለሽ?" አላት።

አላመነችውም። በዚህ ከተማ ሀገሩ ሳለ ትልቅ ሰው ያልነበረ ታክሲ ነጂ የለም። ቤቷ ገብታ ስልኳ ላይ ፈለገች፤ አገኘችም። ሙሴ ባርናቤ ያ ረጅም አንገታቸው ሳይጎብጥ፣ ባለቀለም ሪባን ደረታቸው ላይ አግድም ወርዶ፣ እጃቸውን አንስተው ሲምሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። ሀገሪቱን በስም አልጠራትም፤ በአፍሪካ መሃል ካሉት አንዷ ናት። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ውጭ ሀገር ሲታከሙ ሞቱ፤ በሕጉ መሠረት ምርጫ እስኪደረግ የሴኔቱ አፈ ጉባኤ ቦታውን ይይዛል፤ አፈ ጉባኤው ባርናቤ ነበሩ። ጥቂት ወራት ብቻ ነው የቆዩት። በእነዚያ ወራት ሕዝቡ ምርጫው የት ደረሰ ብሎ ወጣ፤ ወታደሮች የወንዙ ጀልባ መሳፈሪያ ላይ ተኩሰው ብዙ ሰው ገደሉ። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮቹ እሳቸውንም ገፍትረው አስወጧቸው። ከቪዲዮው ስር ሰዎች ከጻፉት ውስጥ ፈረንሳይኛ ሳትችል፣ እንግሊዝኛውን ስለሚመስል፣ የገባት አንድ ቃል ነበር። ነፍሰ ገዳይ ይላል።

በማግስቱ ኮል ስታደርግልኝ ድምፅዋ ተለውጧል።

"አሴ፣ ደም ያለበት ሰው ነው የማጥበው።"

"ተዪዋ ታዲያ፤ ሌላ ክላየንት ይስጡሽ።"

"አልተውም። አባቴን ያስገደለውን ሰው ፊቱን አላየሁም። ቢያንስ የዚህን ልየው።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስለ እሳቸው ታወራኝ ጀመር። ዛሬ ማን እንደደወለላቸው፣ ሶላንዥ ለምን በር ዘግታ እንደምትነጋገር፣ ሽማግሌው ኮሽ ሲል ለምን እንደሚደነግጡ። እሳቸውም በበኩላቸው ባሰባቸው። ቦርሳሽን በሩ ላይ አስቀምጪ አሏት። ውሃ ስታመጣ ከቧንቧ ስትቀዳ ካላዩ አይጠጡም። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሯ ደውላ፣ "ክላየንቱ ለአንድ ሰው መረጃ ታቀብያለሽ ይላሉ" አለቻት። ፍቅርአዲስ ደነገጠች። የምታወራው ከእኔ ጋር፣ የምታወራውም በአማርኛ። ማን ሰማት? ማኑን ጠረጠረች። ቤቱ ውስጥ ካሜራ አለ ብላ ከፎቶዎቹ ጀርባና ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ፈለገች።

በዚያው ሳምንት የማላውቃት ሽቅርቅር ሴት ወደ ፀጉር ቤቴ ገባች። ፀጉሯን ታጥባ ስታበቃ ከየት እንደመጣሁ፣ ባል እንዳለኝ፣ ለመንግሥት ሠርቼ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ሰላይ መስላኝ መልስ አሳጥሬ ሸኘኋት። ሶላንዥ መሆኗን፣ ፍቅርአዲስ ወደ እኔ ስትመጣ ተከትላ እንዳገኘችኝም፣ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ነገሩ የተገለጠው ገላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ፍቅርአዲስ እግራቸውን እያጠበች፣ እኔ ደግሞ የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር እያበጠርኩ እንነጋገራለን።

"ያን ሁሉ ሰው አስጨርሶ ይኸው እግሩን ያሳጥባል። እንቅልፍስ እንዴት ይወስደዋል?" አለችኝ።

ስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። "አይወስደኝም" አለ። በአማርኛ።

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ስልኩም ተዘጋ።

ከዚያ የሆነውን እሷ ናት የነገረችኝ። ስፖንጁን እንደያዘች ቀዝቅዛ ቀረች። ሽማግሌው ቃል በቃል እየፈለጉ ቀጠሉ።

"አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ኤምባሲ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አማርኛ ጠፍቶኝ ነበር። አንተ መጣህና መለስክልኝ።"

"አንቺ ነው የሚባለው" አለች።

"አንቺ። አሴ ማናት? የማን ሰው ናት?"

"ፀጉር ሠሪ ናት።"

"ፀጉር ሠሪ በየቀኑ ስለ እኔ ምን ያደርግላታል?"

ፍቅርአዲስ በእሳቸው ቦታ ሆና ብታስበው እሷም ትጠረጥር ነበር። ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቀች።

"አዲስ አበባ የነበሩት መቼ ነው?"

ዘመኑን ነገሯት። አባቷ የተወሰዱበት ዘመን ነው።

"ያኔ ምን ያዩ ነበር?"

"ጠዋት ወደ ቢሮ ስንሄድ መንገድ ዳር ሰው ተጥሎ እናያለን። አንዳንዱ ልጅ ነው። አምባሳደራችን መጋረጃውን ዝጉ ይለናል። መኪናው መጋረጃ ነበረው። እኔ ነበርኩ የምዘጋው።"

እግራቸውን አደረቀች፣ ካልሲ አጠለቀችላቸው፣ ቦርሳዋን ከበሩ አንስታ ወጣች። ያን ቀን ዌስተን ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የደወለችልኝ። ከተጣሉት አንዱ አባቷ ቢሆኑስ? ይህን ነው ስታስብ የነበረው። ሥራውን ትተወዋለች ብዬ ነበር፤ አልተወችም። በነጋታው ሄዳ ኦትሚሉን ቀመሰች።

ከዚያ በኋላ በአማርኛ ይነጋገሩ ጀመር። ወዳጆች ሆኑ ማለቴ አይደለም። እንደ መርማሪና እንደ እስረኛ ነበሩ፤ የቱ የትኛው እንደሆነ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል። እሳቸው ልጆቿ የት እንደሚሠሩ፣ ማኑ ሊፍት ውስጥ ምን እንዳላት ይጠይቋታል። እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተኩሱን ማን አዘዘ?

"እኔ አይደለሁም" ይላሉ።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"ቤተ መንግሥት ውስጥ ስልኬን የሚያነሳው የእነሱ ሰው ነበር። መኪናዬን የሚነዳው የእነሱ። ወጥ የሚሠራልኝ የእነሱ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ታምሜ ልሞት ነበር። ፕሬዚዳንት የምባለው እኔ ነኝ እንጂ..."

"ፊርማውስ የማን ነበር?"

ውሃ ቀጂልኝ ይላሉ።

ክረምቱ ገብቶ በረዶ ሲጠነክር፣ ሶላንዥ ከወትሮው የተለየ ፈገግታ ይዛ እንግዶች እንደሚመጡ ነገረቻት። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ከሀገር ቤት የመጡ። አንዱ ወፍራም፣ ሽማግሌውን ገና ሲያይ "ፓፓ" ብሎ አቅፎ ያለቀሰ። ሌላው ቀጭን፣ ሳይናገር ክፍሎቹን ሁሉ፣ መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ያየ። በዚያች ሀገር በቅርቡ በጉልበት ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ምርጫ አስደርጎ አሸንፏል፤ የቃለ መሐላው ቀን ደርሷል። ያረጁት የሀገር አባቶች ከጎኑ እንዲቆሙ ይፈልጋል። ለሙሴ ባርናቤ ቪላ፣ ሐኪም፣ ጠባቂ ተዘጋጅቷል። ለሶላንዥም ኤምባሲ ውስጥ ቦታ አለ።

ፍቅርአዲስ ኩሽና ውስጥ ሻይ ስታፈላ ቀጭኑ ሰውዬ ገባና በእንግሊዝኛ አናገራት።

"ካሜራ ፊት ቆመው መቆየት ይችላሉ?"

"ከተደገፉ ጥቂት ይቆማሉ።"

"የድሮ ነገር ያስታውሳሉ? ያወራሉ?"

አነጋገሩ እንደ ዘበት ነበር። እሷ ግን በዚህ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ የሚጠየቅ ጥያቄ ታውቃለች፤ አባቷን የጠራቸውም ድምፅ ለስላሳ ነበር። "ቁርሳቸውን እንኳ አያስታውሱም" አለችው። ሰውዬው ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አልወደደችውም።

ሻዩን ይዛ ስትገባ ሽማግሌው እንግዶቻቸው ፊት በአማርኛ፣ "ምን ጠየቀሽ?" አሏት።

"ድሮን ያስታውሳሉ ወይ አለኝ" አለች፣ ሻዩን እየቀዳች። "አያስታውሱም አልኩት።"

"ለምን?"

"ያስታውሳሉ ብዬ ብነግረው ደስ የሚለው አልመሰለኝም።"

ወፍራሙ ሰውዬ የምን ቋንቋ ነው ብሎ ጠየቀ። ሶላንዥ አባቷን አየች፣ ፍቅርአዲስን አየች፤ ከዚያ ቀን በፊት አባቷ ይህን ቋንቋ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ሽማግሌው ለእንግዶቹ ላስብበት ብለው ሸኟቸው።

ሶላንዥ ልታደርሳቸው ስትወርድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ያኔ ነው የተናገሩት። ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ያስተኮሰው፣ ኋላም እሳቸውን ከሥልጣን ያስወጣው ኮሎኔል፣ ዛሬ ጄኔራል ሆኖ የሚጋብዛቸው ይኸው ሰው ነው። ያን ዕለት ጠዋት ደውሎላቸው ነበር። ሕዝቡ በዝቷል፣ ሥርዓት ማስከበር አለብን አላቸው።

"እርስዎስ ምን አሉት?"

"የሚገባውን አድርጉ አልኩት። ከዚያ ከአንድ አምባሳደር ጋር ምሳ ነበረኝ፣ ሄድኩ።"

"ይሄ ማዘዝ አይደለም?"

"ለራሴ አይደለም ስለው ነው የኖርኩት" አሏት።

ጥቂት ቀን አልፎ ውሰጂኝ አሏት። የሀገራቸው ሰዎች ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል ሰፈር አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሞቱትን በየዓመቱ ያስባሉ፤ ቀኑን ማኑ ነግሯቸዋል። ፍቅርአዲስ አመነታች። ክላየንት ይዛ እንዲያ ያለ ቦታ መሄድ አይፈቀድላትም። ማኑ ሊያስደበድባቸው አስቦ ቢሆንስ? ሽማግሌው ደግሞ ይቅርታ ሳይሆን ሌላ ተንኮል ይዘው ቢሆንስ? ቢሆንም እሺ አለች። "አንቺም ነይ" አለችኝ፤ "የሆነው ሁሉ እኔ ላይ እንዳይደፈደፍ አንድ የማምነው ሰው ይየው።" ቅዳሜ፣ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት፣ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ።

አዳራሹ ፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት ምድር ቤት ነው። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ የሞቱት ፎቶዎች ቆመዋል። ማኑ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ተነስታ መንገዱ ላይ ቆመች። አላሳልፍም አለች። "ለምን አመጣኸው?" እያሉ ማኑ ላይ ጮኹ። ፍቅርአዲስ ከሽማግሌው ወንበር ፊት ሆና ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ የሰዉን እጅ እጅ ታይ ነበር፤ ድንጋይ የያዘ እንዳለ።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ ተናገሩ። አጠገቤ የነበረች ልጅ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች አሰማችኝ። ስልኩ መደወሉን፣ ያሉትን ቃል፣ ምሳውን፣ ሁሉንም ተናገሩ። ሴትየዋ ማን ነው የደወለው አለች። ስሙን ከነማዕረጉ ጠሩት። አዳራሹ ተናወጠ። ውሸታም ያለ አለ፣ ያለቀሰ አለ፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ አለ።

"እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለች ሴትየዋ።

"ፈርቼ" አሉ።

"ና" አለችና ወንበራቸውን ራሷ ገፍታ ጠረጴዛው ድረስ ወሰደቻቸው። "ልጄ ያ ነው። እየው።" አዩት። ዓይናቸውን ሊያነሱ ሲሉ ገና ነው አለቻቸው። እሷ ይበቃል እስክትል ድረስ አዩት።

ዌስተን ሲመለሱ ቪዲዮው ቀድሟቸው ደርሷል። ሶላንዥ በሩ ላይ ቆማለች። አጎቷ እዚያው ሀገር ናቸው፤ ከቤታቸው ተወስደው የት እንዳሉ አይታወቅም።

"ማን ላከሽ?" አለች ፍቅርአዲስን። "በማላውቀው ቋንቋ አባቴን ምን ስትነግሪው ነው የከረምሽው?"

"የላከኝ የለም። እሳቸው ናቸው ውሰጂኝ ያሉኝ።"

ሶላንዥ አላመነችም። ኤጀንሲውም በዚያው ቀን ፍቅርአዲስን ከሥራ አገዳት። የአጎትየው መወሰድ ግን ከሁሉ በላይ አሳመማት። እንዲህ ያለ በር መንኳኳት ያስከተለች እሷ መሆኗን ነው ደጋግማ የምትለው። ከጊዜ በኋላ ሰውየው ተፈተዋል፤ ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ጄኔራሉ ቃለ መሐላውን ፈጸመ። ከዚያ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ስለ ቪዲዮው አንድ ነገር ተናገረ። ሙሴ ባርናቤ አእምሯቸውን ስተዋል፣ የምትንከባከባቸው ሴት እንኳ ቁርሳቸውን እንደማያስታውሱ ለልዑካኑ ነግራለች አለ። ማኑ ለፍቅርአዲስ ተርጉሞ ነገራት። ልትጠብቃቸው ብላ የዋሸችው ውሸት ነው።

በማግስቱ ፀጉር ቤቴ መጣች፣ ማኑን አስከትላ። ፎቶ ከመነሳት የምትሸሽ፣ በልጇ ሠርግ ቪዲዮ ላይ እንኳ ጀርባዋ ብቻ የሚታይ ሴት፣ መስታወቴ ፊት ተቀመጠችና ማኑ ስልኩን እንዲደግን ነገረችው። ስሟን ተናገረች። "ዋሽቻለሁ" አለች በእንግሊዝኛ። "የጠየቀኝን ሰውዬ ስላላመንኩት ነው የዋሸሁት። ሽማግሌው ሁሉንም ያስታውሳሉ።" ማኑ ቪዲዮውን ሲለቀው ግማሹ ሰው አመናት፣ ግማሹ የተገዛች ናት አለ። ለብዙ ጊዜ ከማታውቀው ቁጥር እየተደወለ፣ ስታነሳው ትንፋሽ ብቻ ይሰማት ነበር። ስልኳን ቀየረች፣ ኤጀንሲም ቀየረች። አውቶቡስ ስትሳፈር እስካሁን ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ሰው ጀርባዋ እንዳይሆን።

በፀደይ ሽማግሌው የአረጋውያን መጦሪያ መግባታቸውን ማኑ ነገራት። ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ከሶላንዥ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሶላንዥ ሰላም አላለቻትም፤ አልከለከለቻትምም። ፍቅርአዲስ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ከጄን ኤንድ ፊንች ጀምሮ ሲከነክናት የቆየውን ጠየቀቻቸው።

"ያን ቀን የተናገሩት ተጸጽተው ነው ወይስ ያባረረዎትን ሰው ለመበቀል?"

"አንቺ ፖሊስ ነሽ?" አሉ ጣራውን እያዩ። አንቺ የምትለዋን አልሳቷትም።

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ።"

ከፍ አደረገችላቸው። ከዚያ፣ ሳትጠብቅ፣ "የሞተውን ልጅ ፊት በየቀኑ አየዋለሁ" አሏትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወደ እኔ መጥታ ይህን ስትነግረኝ ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

"አመንሻቸው?" አልኳት።

"እንጃ" አለችኝ። "ሊያስለቅሰኝ ብሎም ይሆናል።" ቦርሳዋን አነሳች፣ በሩን ገፋ አድርጋ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። "ማክሰኞ እንደገና እሄዳለሁ።"